ተዘቅዝቆ የሞተው ተምች

ጥያቄው የመጣው ከአንድ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ቤተሰቦቹ ኩታበር ናቸው። አሳጥሬ ላቅርበው፦

«አባቴ ልጅ እያለ የበልግ ገብሳቸውን ተምች ወረረው። የመንደሩ ሽማግሌዎች ወዳጃ ተቀምጠው ዱዓ አደረጉ። ሳምንት ሳይሞላ ትሉ ገብሱ ጫፍ ላይ እየወጣ፣ ተዘቅዝቆ እየተንጠለጠለ፣ ጠቁሮ አለቀ ይላል። አስተማሪያችን ደግሞ በውጭ አገር ደን የሚያራቁቱ የእሳት እራቶችን የሚጥላቸው በሽታ ነው አለን። ሁለቱ አንድ ነገር ነው? በሽታ ከሆነስ ለምን ዘራቸውን አያጠፋውም? አምጥተን ብንረጨውስ?»

መጀመሪያ አባትህን አመስግንልኝ። አንዲት ቃል ባይጨምሩ ኖሮ ይህን ጥያቄ በልበ ሙሉነት አልመልሰውም ነበር። ቃሏ «ተዘቅዝቆ» ናት።

ተምች ከማሳ የሚጠፋው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ተፈጥሯዊው ነው። ትሉ በልቶ ሲበቃው አፈር ውስጥ ይገባል። እዚያ ተጠቅልሎ ይተኛና የእሳት እራት ሆኖ ይወጣል። ከዚያ በሌሊት ነፋስ ላይ ተሳፍሮ ይሄዳል። ማታ ማሳውን ሞልቶ የነበረው መንጋ ጠዋት የለም። ሬሳም የለም። ብዙ ሰው «በተአምር ጠፋ» የሚለው ይህን ነው።

ሁለተኛው አባትህ ያዩት ነው። ትሉ ወደ አፈር መውረድ ሲገባው ወደ ላይ ይወጣል። ጫፍ ላይ በኋላ እግሮቹ ይይዝና ይንጠለጠላል። ቆዳው ይሳሳል፣ ይጠቁራል። በጣትህ ብትነካው ይፈርጥና ቡናማ ፈሳሽ ይወጣዋል። በዚህ ሁኔታ የሞተ ትል የሞተው በቫይረስ ነው። ባኩሎቫይረስ ይባላል።

አስተማሪህ ያነሱት የደን በሽታም የዚሁ ዘመድ ነው። ጥድ የሚጨርስ አንድ የእሳት እራት አለ፣ ጀርመኖች «መነኩሲት» ይሉታል። አባጨጓሬው ሲታመም ዛፉ አናት ላይ እየወጣ ይሞታል። የደን ሠራተኞቻቸው ስለ ቫይረስ ገና ምንም ሳያውቁ ነገሩን «የዛፍ ጫፍ በሽታ» ብለውት ነበር። የኩታበር ገበሬና የጀርመን ደን ጠባቂ ሳይተዋወቁ አንድ ምልክት ነው ያዩት።

ስለዚህ አዎ፣ ነገሩ አንድ ነው። ግን ቫይረሶቹ አንድ አይደሉም። እያንዳንዱ የራሱ ትል አለው። ወደዚህ ስለ መርጨት ሳወራ እመለሳለሁ።

አሁን ቫይረሱ እንዴት እንደሚሠራ ልንገርህ። የሞተው ትል ፈሳሽ ቅጠል ላይ ይንጠባጠባል። ፈሳሹ ውስጥ ያለው ቫይረስ ራቁቱን አይደለም፣ በጠንካራ የፕሮቲን ክሪስታል ተሸፍኗል። ሌላ ትል ቅጠሉን ሲበላ ክሪስታሉን አብሮ ይውጠዋል። የእኛ ጨጓራ አሲድ ነው። የአባጨጓሬ አንጀት ግን ተቃራኒ ነው፣ ፒኤቹ 10 ገደማ ይደርሳል። እንደ ሳሙና ውሃ በለው። ሽፋኑ የሚሟሟው እዚያ ነው። ቫይረሱ ይለቀቃል፣ የአንጀቱን ግድግዳ ይይዛል፣ ከዚያ መላ ሰውነቱን ያዳርሳል። በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ ትሉ በቫይረስ የተሞላ ከረጢት ይሆናል። መጨረሻ ላይ ቫይረሱ የሚያስመርታቸው ኢንዛይሞች ቆዳውን ያሟሙታል። ከአንድ ትልቅ ትል ሬሳ 1 ቢሊዮንና ከዚያ በላይ ክሪስታል ሊወጣ ይችላል።

ለምን ወደ ላይ ይወጣል? ጫፍ ላይ የፈሰሰ ነገር ወደ ታች ይንጠባጠባል፣ ከታች ያሉት ይበሉታል። የሚገርመው የሚያወጣው ራሱ ቫይረሱ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 አሜሪካ ውስጥ ተመራማሪዎች ለዚህ ተጠያቂ የሆነ አንድ የቫይረስ ጂን አሳዩ። ጂኑ ትሉ ቆዳውን እንዲቀይር የሚያዘውን ሆርሞን ያመክናል። ከቫይረሱ ላይ ጂኑን ሲያወጡት ትሎቹ ሞቱ፣ ግን ከታች ሆነው ሞቱ። አንድ ጂን ብቻ! ይህን ጥናት ባነበብኩ ቁጥር ትንሽ ይዘገንነኛል፣ አልዋሽህም።

ቫይረሱ አንድ ትልቅ ድክመት አለው፤ ፀሐይ አይችልም። ቅጠል ላይ ፀሐይ ሲያርፍበት በቀናት ውስጥ ይሞታል። በዛፍ ቅርፊት ስንጥቅና በአፈር ውስጥ ግን ዓመት አልፎ ዓመት ሊቆይ ይችላል።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄህ ልምጣ። ለምን ዘራቸውን አያጠፋውም?

ሰኞ ቀን ባቲ ገበያ ውስጥ ጉንፋን የያዘው አንድ ሰው አስገባ። ማታ ስንት ሰው ጉንፋኑን ይዞ ወደ ቤቱ እንደሚሄድ አስበው። አሁን ያንኑ ሰው ማክሰኞ ከግመሉ ጋር ብቻውን ወደ አፋር ሜዳ ላከው። ጉንፋኑ እዚያው ከእሱ ጋር ያልቃል። ግመሉ አይቀበለውም።

የትሎች በሽታም እንዲሁ ነው። ገበያ ይፈልጋል። ትሎቹ ጥቂት ሲሆኑ የአንዱ ሬሳ ፈሳሽ ለሌላው ሳይደርስ ፀሐይ ይጨርሰዋል። ሲበዙ ግን እያንዳንዱ ቅጠል ላይ ሬሳ አለ፣ እያንዳንዱን ቅጠል የሚበላ ትል አለ። ያኔ ነው በሽታው የሚቀጣጠለው። ሲቀጣጠል ደግሞ ከመቶ 90ውን ሊጨርስ ይችላል። ሆኖም ጨርሶ ጨርሶ ገበያው ራሱ ይበተናል። የተረፉት ጥቂቶች ተራርቀው ይቀራሉ። በሽታው መሄጃ ያጣል።

እንግዲህ በሽታው ሁልጊዜ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው። ወረርሽኙን አይከለክልም። ከኋላው ይመጣና ይጥለዋል። የደን የእሳት እራት ታሪክ ሁሉ ያለው በዚህች መዘግየት ውስጥ ነው።

ምሳሌ ልስጥህ። እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ መጨረሻ ላይ ኤትየን ትሩቬሎ የሚባል ፈረንሳዊ አሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ ሜድፎርድ በምትባል ከተማ ይኖር ነበር። የሐር ነገር ያብሰለስለው ነበር። ከአውሮፓ የአንድ የእሳት እራት እንቁላል አስመጥቶ ጓሮው ውስጥ ማርባት ጀመረ። ጥቂቶቹ አመለጡ። ሰውየው በኋላ ትሉን ትቶ ሰማይ መመልከት ጀመረና በከዋክብትና በፕላኔቶች ሥዕል ታዋቂ ሆነ። ትሉ ግን ጎረቤቶቹ ላይ ቀረ። ከ20 ዓመት በኋላ ከተማዋ አባጨጓሬ በአባጨጓሬ ሆነች። ነፍሳቱ ዛሬ ስፖንጂ ሞዝ ይባላል፣ እንቁላሉ እንደ ስፖንጅ ስለሚመስል። እ.ኤ.አ. በ1981 ብቻ 5.2 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ ደን አራቁቷል። ያ የደቡብ ወሎ ዞንን ሦስት እጥፍ ያህላል።

የዚህ ትል ቫይረስ እንዴት እንደሚዞር ተመልከት። እናቲቱ በቅርፊት ላይ ከ500 እስከ 1000 እንቁላል ትጥላለች። ቅርፊቱ ላይ ያለፈው ዓመት ሬሳ ቫይረስ ተሸሽጎ ቆይቷል። በጸደይ ሲፈለፈሉ ከፊሎቹ እዚያው ይያዛሉ። በሁለት ሳምንት ውስጥ እነዚያ ትንንሾች ይሞታሉ። ይህ የመጀመሪያው ማዕበል ነው፣ ማንም ልብ አይለውም። ሬሳቸውን ግን አሁን ያደጉት ወንድሞቻቸው ይበሉታል። ሁለተኛው ማዕበል በበጋቸው መጀመሪያ ይመታል። ያኔ ደኑ በሬሳ ይሸታል። ዛፉ ግን ቀድሞ ተራቁቷል። ዘገየ አላልኩህም?

እ.ኤ.አ. በ1980 ሮይ አንደርሰንና ሮበርት ሜይ የተባሉ ሁለት ሳይንቲስቶች ይህን በሒሳብ አስቀመጡት። ትሉ ይበዛል፣ በሽታው ይከተላል፣ ትሉ ይወድቃል፣ በሽታው ይጠፋል፣ ትሉ እንደገና ይበዛል። ዑደት ይፈጠራል። ሒሳቡ ራሱ የዓመታት ርቀት ይሰጥሃል። ከምሳሌዎቻቸው አንዱ በስዊዘርላንድ ተራሮች ላይ በየ9 ዓመቱ ገደማ የሚነሳ የእሳት እራት ነበር። ቁጥሩ ደስ በሚል ሁኔታ ገጠመ።

ችግሩ የገጠመ ነገር ሁሉ እውነት አለመሆኑ ነው። በስዊዘርላንዱ የእሳት እራት ላይ በኋላ የተሠሩ ጥናቶች ዋናዎቹ ተዋናዮች ጥገኛ ተርቦችና የቅጠሉ ጥራት እንደሆኑ አመለከቱ። እዚያ በሽታው ቦታው ትንሽ ነው። ዛፉ ከተበላ በኋላ የሚያወጣው ቅጠል ለትሉ አይመቸውም፣ ተርቦቹም ትሉን እየተከተሉ ይበዛሉ። ሐሳቡ ግን አልወደቀም። ሌሎች ደኖች ላይ፣ በተለይ በስፖንጂ ሞዝ፣ ቆሟል። እኔ ለተማሪዎች ስነግር ሁለቱንም አብሬ ነው የምነግረው።

ስፖንጂ ሞዝም ቢሆን እንደ ሰዓት አይሄድም። በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ግሬግ ድዋየርና ባልደረቦቹ ለዓመታት ሲመረምሩት ሁለት ነገር አገኙ። አንደኛ፣ ትሎች እኩል አይታመሙም። አንዱ በትንሽ መጠን ይወድቃል፣ ሌላው ብዙ በልቶም ይቆማል። ደካሞቹ ቀድመው ስለሚሞቱ በሽታው ወደ መጨረሻው ይቀዘቅዛል። ሁለተኛ፣ ትሉ ጥቂት በሆነባቸው ዓመታት የሚይዘው በሽታ ሳይሆን አይጥ ነው። አይጥ መሬት ላይ የተኛውን ትል ትበላለች። የአይጧ ቁጥር ደግሞ በኦክ ዛፍ ፍሬ ላይ ይወሰናል። ፍሬ ባልበዛበት ዓመት አይጥ ይቀንሳል፣ ትል ከእጅ ያመልጣል። በሽታ ጣሪያውን ይይዛል፣ አይጥ ወለሉን ትይዛለች። ሁለቱ ሲገናኙ ዑደቱ ይዛባል። መቼ እንደሚነሳ መተንበይ የሚያስቸግረው ለዚህ ነው።

የፈንገሱን ታሪክ ሳልነግርህ ግን አላልፍም፣ ከሁሉ የምወደው እሱን ነው። እ.ኤ.አ. በ1910 እና 1911 አሜሪካኖች ትሉን የሚገድል ፈንገስ ከጃፓን አምጥተው ቦስተን አካባቢ ለቀቁት። ምንም አልሆነም። ከሸፈ ተባለና ተረሳ። እ.ኤ.አ. በ1989 ዝናባማ ጸደይ መጣ። በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ ትሎቹ ግንድ ላይ ተጣብቀው በጅምላ ሞተው ተገኙ። ሲመረመር የጃፓኑ ፈንገስ ሆነ! ያ የድሮው ይሁን ሌላ ጊዜ የገባ፣ ክርክሩ አላለቀም። ፈንገሱ ከቫይረሱ የሚለየው ትሉ ጥቂት በሆነበትም ጊዜ መግደል መቻሉ ነው። ግን እርጥበት ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2015 እና 2016 ጸደዩ ደረቀ፣ ፈንገሱ ተኛ፣ ትሉ ተነሳ። በ2017 ዝናቡ ሲመለስ ፈንገሱም ተመለሰ። ድርቅ፣ ቀጥሎ ትል። ይህን ቅደም ተከተል እኛ ወሎ ውስጥ ከማንም በላይ እናውቀዋለን፣ ምክንያቱ ግን ይለያል።

የእኛው ተምች የደን ትል አይደለም። የሚበላው ሣርና የሣር ወገን ነው፦ ገብስ፣ ጤፍ፣ ስንዴ፣ ማሽላ፣ በቆሎ። ዋንዛና ወይራ አይነካም። የየጎፍ ደን ውስጥ ብታስገባው ዛፉን ትቶ ሣሩን ነው የሚፈልገው። (እ.ኤ.አ. በ2017 የገባውን የአሜሪካ መጤ ተምችም ከእሱ ጋር አታምታታው። ያኛው በቆሎ ጉሮሮ ውስጥ ተደብቆ ነው የሚበላው።) የእኛው የእሳት እራት ከደቡብ፣ ከኬንያና ከታንዛኒያ በኩል በነፋስ ይመጣል። ዝናብ ያዘለ ነፋስ አንድ ቦታ ሰብስቦ ያወርደዋል። ከደረቅ ወራት በኋላ በልጉ ሲገባ ለምለም ቡቃያ ያገኛል። ቫይረሱ ግን በድርቁ ወራት በፀሐይ ሳስቷል። ገበያው ሞልቷል፣ ጉንፋን የያዘው ሰው ግን ገና አልደረሰም።

ስፖንጂ ሞዝ እዚያው ይኖራል፣ አሜሪካ ውስጥ ያለችው ሴቷ ጭራሽ አትበርም። ስለዚህ በሽታዋም ቅርፊቱ ላይ ይጠብቃታል። ተምች ግን ይሄዳል። በሽታውን መሬት ላይ ጥሎት የሚሄድ ይመስላል። ነገር ግን ታንዛኒያ ውስጥ የተያዙ የእሳት እራቶች ሲመረመሩ አብዛኞቹ ጤነኛ መስለው ቫይረሱን በውስጣቸው ተሸክመው ተገኙ። ከእናት ወደ እንቁላል ይተላለፋል። ስንቅ ቋጥሮ እንደሚሄድ መንገደኛ የሚገድለውን ይዞ ነው የሚበረው።

ሌላም አለ። ተምች ሲራራቅ አረንጓዴ ነው። ሲጠጋጋ ይጠቁራል። ጥቁሩ ትል ቫይረሱን የበለጠ ይቋቋማል። መጨናነቅ በሽታ እንደሚያመጣ ሰውነቱ አስቀድሞ ያወቀ ይመስል ይዘጋጃል። በዚህም ምክንያት በሽታው ይበልጥ ይዘገያል።

ስለ ዱዓው ደግሞ በጥንቃቄ ልናገር። እኔ የትል ሰው ነኝ፣ የዱዓን ጉዳይ ሸሆቹ ያውቃሉ። አንድ ነገር ብቻ ልበል። ሽማግሌዎች ወዳጃ የሚቀመጡት መቼ ነው? ትሉ ገና እንደታየ ሳይሆን ነገሩ ሲብስ ነው። ነገሩ የሚብሰው ደግሞ ትሉ ጣሪያ ሲነካ ነው። ቫይረሱ የሚበስለውም ያኔ ነው። ስለዚህ ያን ሳምንት የተደረገ ማንኛውም ነገር የሠራ ይመስላል። ይህ ለሽማግሌዎቹ ብቻ አይደለም፣ መርጫ ተሸክሞ ለመጣውም ባለሙያ ነው። እኔ ራሴ ወጣት ሳለሁ አንድ ማሳ አስረጭቼ፣ በሦስተኛው ቀን ትሉ ሲያልቅ ደረቴን ነፍቼ ተመልሻለሁ። አጠገቡ ያልተረጨው ማሳ ላይም ትሉ ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ እንደነበር ያየሁት ፎቶዎቹን ከወራት በኋላ ሳገላብጥ ነው። ሽማግሌዎቹ ቢያንስ ቡናውን ጀባ ብለው ሰው አሰባስበው አጽናንተዋል። እኔ ያመጣሁት ሽታ ነው።

በመጨረሻ፣ አምጥተን ብንረጨውስ? ከውጭ የሚመጣው አይጠቅምህም። የስፖንጂ ሞዝ ቫይረስ ተምችን አይዝም። አሜሪካኖች የዚያን ቫይረስ እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ በመድኃኒትነት አስመዝግበዋል። ጥሩነቱ ሌላ ቢራቢሮ አለመንካቱ ነው። ክፋቱ ለማምረት በሺዎች የሚቆጠር ሕያው ትል መቀለብ ነው፣ ዋጋው ይወደዳል። ብራዚሎች በአኩሪ አተር ትል ላይ ቀላሉን መንገድ ሄዱ። ገበሬው ከማሳው የሞቱትን ትሎች ይለቅም፣ ይፈጭ፣ በውሃ አጥልሎ ይረጭ ነበር። ይህ ሥራ በደህናው ጊዜ እስከ 2 ሚሊዮን ሄክታር ደርሶ ነበር። በተምች ቫይረስም ታንዛኒያ ውስጥ የመስክ ሙከራ ተደርጓል፣ ይሠራል።

ፈተናው ጊዜው ነው። ቫይረስ ለመግደል ቀናት ይፈልጋል። ትሉ ባደገ ቁጥር የሚያስፈልገው መጠን እየጨመረ ይሄዳል። መረጨት ያለበት ትሉ ገና ትንሽና አረንጓዴ ሳለ፣ ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ ገበሬው ትሉን አያየውም። የሚያየው ሲጠቁርና ሲሰለፍ ነው፣ ያኔ ረፍዷል። ስለዚህ ከቫይረሱ የሚቀድመው ወጥመድ ነው። በሴቷ ሽታ ወንዱን የእሳት እራት የሚስብ ወጥመድ አለ። ቁጥሩ ድንገት ከፍ ሲልና ዝናብ ሲጥል፣ ያ ቀበሌ ማሳውን በርከክ ብሎ መፈተሽ አለበት። አንድ ሴት እስከ 1000 እንቁላል ልትጥል ትችላለች፣ ቀን አይባክንም።

ትሉ ጫፍ ላይ መንጠልጠል ከጀመረ ግን በኬሚካል ገንዘብ አታቃጥሉ። ሥራው እየተሠራ ነው። ከብቶቹስ? አብሽር፣ ቫይረሱ ከብትም ሰውም አይነካም። ተምች የረገጠው ግጦሽ ላይ ከብት ቶሎ አለማሰማራት ግን ጥሩ ጥንቃቄ ነው። ኬሚካል ከተረጨበት ደግሞ ጨርሶ አይሆንም።

ተማሪ ስለሆንክ አንድ ሥራ ልስጥህ። ሌላ ጊዜ ተምች ኩታበር ከደረሰና የተንጠለጠለ ካየህ፣ አሥር ያህሉን በንጹሕ ብልቃጥ ልቀም። ፀሐይ እንዳያገኘው በጨርቅ ጠቅልለህ ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጥ። ደሴ ስትመለስ ከፈሳሹ ትንሽ መስታወት ላይ ቀባና በማይክሮስኮፕ በ400 እጥፍ እየው። ክሪስታሎቹ እንደ ጨው ፍርፋሪ ሲያበሩ ታያቸዋለህ። ብልቃጡን ከመክፈትህ በፊት ግን መስኮቱን ክፈት። ከሁለት ቀን በኋላ የሚሸተውን ሽታ የላብራቶሪው ኃላፊ ይቅር አይልህም።